ጥያቄውን እናምጣ፣ ቁጥሩ ቢሮ ይቅር
(ለድርጅት ግብር ኃላፊዎች ማኅበር ምሥረታ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የግብር ሰው ቅዳሜውን መስዋዕት ማድረጉ ቀላል አይደለም። ያውም የዓመቱ ግብር ማስታወቂያ ቀነ ገደብ፣ ጥቅምት 30፣ ገና ትናንት ያለፈ ያህል እንቅልፋችንን ሳንጠግብ። ስለዚህ አላንዛዛም።

አብዛኞቻችን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ብቻችንን ነን። ትርፍ ሲመጣ የሥራ አስኪያጁ ጉብዝና ነው፤ 30 በመቶው ለግብር ሲቆረጥ የእኛ ጥፋት ይሆናል። እሱስ ለምደነዋል። የሚከብደው የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የመጣ ዕለት ነው።

ደብዳቤው ዓርብ ከሰዓት እንግዳ መቀበያ ይደርሳል። እዚያ የተገኘው ሰው ፈርሞ ይቀበላል። ሰኞ መዝገብ ቤት ይገባል። ሥራ አስኪያጁ መስክ ላይ ናቸው። ሲመለሱ ይመሩታል፣ ቲተር ይመታበታል፣ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። እኛ እጅ ሲገባ ሳምንት አልፎታል። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ደግሞ 21 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ማስታወቂያው ለድርጅቱ ከደረሰበት ቀን ነው። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን 30 ቀን አለን። ለዚያም አዋጁ ከተከራከርንበት ግብር ግማሹን መጀመሪያ ክፈሉ ይላል። ያንን ገንዘብ ለማስፈቀድ ደጅ የጠና ያውቀዋል!

በዚህ ጭንቅ መሃል ማንን እንጠይቃለን? ለድሮ የክፍል ጓደኛ እንደውላለን። እሱም “እኛም ጋ እንደዛው ነው” ብሎ ይስቃል። ከገበሬ እህል የሚገዛ ፋብሪካ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? የግዥ ሰነዱ ጎደለ ተብሎ ወጪው ሲሰረዝ ምን ማስረጃ ያዋጣል? በአዋጅ 1395/2017 የመጣው ዝቅተኛው አማራጭ ግብርስ፣ ትርፍ ባይኖርም ከሽያጭ ላይ የሚታሰበው፣ ለከሰረ ድርጅት እንዴት ይሰላል? ይህን ሁሉም በየፊናው በደብዳቤ ይጠይቃል። መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል። አንድ ላይ ሆነን አንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ፣ በደንብ ተጽፎ፣ ለገቢዎች ሚኒስቴር ብናቀርበው ለእነሱም ይቀላል።

አሜሪካኖቹ ይህን ከጀመሩት ቆይተዋል። ታክስ ኤክሴኪዩቲቭስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የቆመው ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው የግብር ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። በረቂቅ ደንቦች ላይ አስተያየቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። እኔ ከእነሱ መውሰድ የምፈልገው የአባልነቱን ወሰን ነው። አማካሪዎችና የውጭ ኦዲተሮች ወዳጆቻችን ናቸው። ለሥልጠና እንጋብዛቸዋለን። አባል ይሁኑ ከተባለ ግን ስብሰባችን ደንበኛ መፈለጊያ ይሆናል። በዚህ አልደራደርም።

አንዳንዶቻችሁ በሻይ ሰዓት “አለቃዬ ከተፎካካሪ ጋር ምን ታወራለህ ቢለኝስ?” ብላችሁኛል። ተገቢ ስጋት ነው። ሁለት ቢራ ፋብሪካዎች እዚህ ተቀምጠው ስለ ኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ቢወያዩ ነውር የለውም። ስለ ዋጋቸውና ስለ ሽያጫቸው ከተወያዩ ግን ሌላ ሕግ ይመለከታቸዋል። ስለዚህ ጥያቄውን እናምጣ፣ ቁጥሩ ቢሮ ይቅር። የደንበኛ ስም፣ የሽያጭ መጠን፣ ያልታተመ ሂሳብ እዚህ አይነሳም። ያነሳም ሰው ካለ ሰብሳቢው ያስቆመዋል።

ግብር መሸሻ ማኅበር ነው የሚሉን አይጠፉም። ይበሉ። መከፈል ያለበት ይከፈላል፤ እኛ የምንጠይቀው ስንት እንደሆነ አስቀድመን እንድናውቅ ነው።

ረቂቅ መተዳደሪያ ደንቡ እጃችሁ ላይ አለ። የሚያከራክረን የአባልነቱ አንቀጽና መዋጮው ይመስለኛል። መዋጮውን ሰው ከኪሱ ይክፈል ወይስ ድርጅቱ? እኔ ከኪስ ባይ ነኝ፤ ሥራ ሲለቅ አባልነቱ አብሮት ይሄዳል። የተለየ ሐሳብ ያለው ከምሳ በፊት እጁን ያውጣ። ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።