እናቴ እጣቢ አትደፋም

የተከበራችሁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ተወካዮች፣ ወዳጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። እናቴ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ደፍታ አታውቅም። የመጨረሻው እጣቢ በባልዲ ይቀመጣል። በረንዳው ይታጠብበታል፤ የተረፈው ለሽንት ቤት ማጠቢያ ይውላል። ቅባት ያለው የሰሃን እጣቢ ግን ለብቻው ነው። እኔ የውሃ ምህንድስና ተምሬ መጣሁና «ይሄ ነገር እኮ ውሃን በጥራቱ ልክ መመደብ ይባላል» አልኳት። «እና ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማርከው?» አለችኝ።

ዛሬ የምነግራችሁም ከእሷ ባልዲ ብዙ አይርቅም፤ የከተማችንን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ስለመጠቀም ነው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የግድቦቹን ውሃ አጣርተን፣ የጉድጓዱን በፓምፕ ሽቅብ ገፍተን እናመጣለን። ከዚያ ላቫጆው መኪና ያጥብበታል። የመንገድ አካፋይ ላይ ያለ ሳር ይጠጣዋል። ግንባታ ላይ አቧራ ይበርድበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ በሚጠብቅባት ከተማ ነው።

በሌላ በኩል ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ አለን። የተጣራው ውሃ ወንዝ ይገባል። «ታዲያ መልሰን ወደ ከተማው አናመጣውም?» ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ዳገቱን ረስቼ!

ፍሳሹ ቃሊቲ የሚደርሰው ቁልቁለት ስለሆነ ነው። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ ሜዳ ከተማዋ ከ3,000 ሜትር ገደማ ወደ 2,100 ገደማ ትወርዳለች። ያንን ውሃ መልሶ ጉለሌ ለማድረስ ፓምፕ፣ መብራት፣ አስፋልት እየቆረጡ የሚዘረጋ ሁለተኛ ቧንቧ ይጠይቃል። በጀቱን የሚበላው ብዙ ጊዜ ይሄ ቧንቧ ነው። ስለዚህ የቃሊቲ ውሃ እዚያው ለጎረቤቱ ይሁን። ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ በዙሪያው ሞልቷል። ላይኛው ከተማ ደግሞ በየኮንዶሚኒየሙ ትንንሽ ማጣሪያ ቢኖር የራሱን ግቢ ሳር ያጠጣል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። ሳርና አትክልት ማጠጣትን ብቻ ይዘን ከተነሳን ክረምት ላይ ጉድ ይፈላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሳር ማን ያጠጣል? ዓመቱን ሙሉ የሚገዛ ደንበኛ ያስፈልገናል፤ እሱም ፋብሪካ ነው። ግን ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ ካለው የእኛን ለምን ይገዛል? ዋጋው ጉድጓዱን ካላስናቀው፣ ጥራቱ አንድ ቀን ጥሩ አንድ ቀን መጥፎ ከሆነ አይገዛም። እኔም ብሆን አልገዛም።

ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቧንቧ ማስገባቱን ለጊዜው እንተወው። በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጸዳጃ ቤት የተዘረጋው መስመር ከመጠጥ ውሃው ጋር ተቀላቅሎ ሰዎች ታመሙ። አገሩ ኋላ ላይ እንዲህ ያለውን አሠራር በቤቶች አቆመ። እነሱ ከተሳሳቱ፣ ቧንቧ ሠራተኛችን በጨለማ መስመር ሲቀጥል የሚሆነውን አስቡት። ከቤት ውጭ የምንዘረጋው ቧንቧም ቀለሙ የተለየ ይሁን፤ ከመጠጥ መስመሩም ይራቅ።

የናሚቢያዋ ዊንድሆክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምራ የተጣራ ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃዋ ጋር ትቀላቅላለች። አይዟችሁ፣ ያንን አልጠይቃችሁም! እኔ የምቀናው ለመናፈሻዎቿና ለኳስ ሜዳዎቿ በዘረጋችው ሌላ መስመር ነው።

«የፍሳሽ ውሃ ያስጠላል» ለሚል ደግሞ፦ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ጎመንና ሰላጣ ስንበላ ኖረናል። ያ ወንዝ ፍሳሽ ይገባበታል፤ ያውም ያልተጣራ። መልሶ መጠቀሙን ከጀመርን ቆይተናል፤ ያላደረግነው ማቀዱን ነው። ገበሬዎቹንም ከወንዙ ከማባረራችን በፊት የተጣራውን እናድርስላቸው።

ከአዳራሹ በር አጠገብ የቃሊቲ ዙሪያ ካርታ ለጥፈናል፤ እስክሪብቶም አለ። የፋብሪካ፣ የጋራዥ፣ የላቫጆ ባለቤት ወይም ሠራተኛ የሆናችሁ፣ ቦታችሁን ምልክት አድርጉና በቀን ስንት ቦቴ ውሃ እንደምትጨርሱ ጻፉበት። የቧንቧውን መስመር የምናሰምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሻይ ቀርቧል። አመሰግናለሁ።