ምንም የለም፣ ተኙ

እሺ፣ ገባን። ስለ አከራዬ ማውራት ይብቃህ ብላችሁኛል፣ ዛሬ አላወራም። ሴትየዋ እንደዛው ናቸው፣ በቃ።

ዛሬ ድራኩላ ነው። ፊልሙ አይደለም፣ የሬዲዮው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1938 ሲቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ የተላለፈው፣ ኦርሰን ዌልስ የሠራው። አዎ፣ ያ በማርስ ወረራ የሬዲዮ ድራማው አሜሪካንን አስደነገጠ የሚባለው ልጅ። ይሄኛው ከዚያ ይቀድማል። 23 ዓመቱ ነበር። እኔ በ23 ዓመቴ... ተዉት።

ደም መጣጩን ድራኩላንም፣ እሱን የሚያድነውን ዶክተር ሴዋርድንም ራሱ ነው የሚጫወተው። አዳኙም ታዳኙም አንድ ጉሮሮ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ለብቻው ሲተርክ የሰማ ሰው ግን በዚህ ላይገረም ይችላል። ደግሞ ደም መጣጭ የሚገደልበት ችካል ደረት ውስጥ ሲገባ የምትሰሙት ሐብሐብ ነው ይባላል። በመዶሻ የተመታ ሐብሐብ። መጀመሪያ ጥቅል ጎመን ሞክረው አልሆነም አሉ። አስቡት፣ ትልልቅ ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ከበው ጎመን ሲያማርጡ!

የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። መጨረሻው ነው። ድራማው አልቋል። ዌልስ ይመጣና ስትተኙ ምንም እንዳይመስላችሁ፣ መብራቱን አጥፉ ይላል። ተኩላ ያላዝናል። አይዟችሁ፣ ሳውንድ ኢፌክት ነው ይላል። ጥላው ውስጥም ምንም የለም። ከዚያ ትንሽ ይዘገይና፣ የሌለ ይመስለኛል ይላል። መለስ ብሎ ደግሞ ተኩላም ደም መጣጭም በእውነት አለ ብሎ ይሰናበታል።

መልሼ መልሼ ሰማሁት። ድምፁ እኮ ክፉ አይደለም። ልጅ የሚያስተኛ አባት ነው የሚመስለው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ያልፈራሁት ሰውዬ፣ ሲያባብለኝ ፈራሁት። ለምን?

በድራኩላው ድራማ ሚና የምትባለዋን ሴት የምትጫወተው አግነስ ሙርሄድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ሰስፔንስ በሚባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የሚባለውን ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣ አጭር ልብወለድ ነው። እዚያ ጭራቅ የለም። ባል አለ፣ ሐኪም ነው። ዕረፊ፣ ምንም አልሆንሽም ይላታል። እሷ ወረቀቱ ውስጥ የምትድህ ሴት ታያለች። ይወዳታል እኮ ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚያናድደው።

ስለዚህ ማባበሉ ራሱ ነው አስፈሪው ልል ነበር። ልክ አይመስለኝም። እማዬ ትናንት ስልክ ላይ እያሳለች "ምንም የለብኝም፣ ይልቅ አንተ በልተሃል?" ስትለኝ ልታስፈራኝ ነው? አይደለም። ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት፣ እሺ አለች። የእሷን እሺ ታውቁታላችሁ። ጎረቤታችንን እትዬን ልላክባት ይሆን? ትቆጣለች ደግሞ። እንጃ...