ሕፃን ራሱን የሚያውቀው መቼ ነው? የገደል ማሚቶው ነገር

እንደምን አላችሁ ወገኖች! ቡናው ከተቀዳ እንጀምር።

አምባሰልን አስቡት። ቅኝቱን አላልኩም፣ ገደሉን! እረኛው አፋፉ ላይ ቆሞ «ኧረ ሆይ!» ይላል። ገደሉም «ኧረ ሆይ!» ይላል። ሁለቴ ሲጠራ ሁለቴ፣ ዝም ሲል ዝም። ማዶ ያለው ሌላ እረኛ ቢሆንስ? እሱማ ሲያሻው ይመልሳል፣ ሲያሻው «ምን ሆንህ?» ይላል፣ ሲከፋው ይሳደባል። እንግዲህ እረኛው የራሱን ድምፅ ከሰው ድምፅ የሚለየው በዚህ ነው፤ «እኔ ሳደርግ ይሆናል፣ ስተው ይቀራል።» ሕፃንም ራሱን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ገደሉ የገዛ አካሉ ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ ጉንጩን በጣታችሁ ስትነኩት ጡት ፍለጋ አፉን ያዞራል። የራሱ እጅ ሲነካው ግን ያን ያህል አይዞርም፤ ጉንጩም እጁም አንድ ላይ ይሰማቸዋላ! ፊሊፕ ሮሻ እና ሱዛን ሄስፖስ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1997 ያሳዩት ይህንን ነው። በ3 ወሩ ደግሞ እግሩ ከተንጠለጠለ መጫወቻ ጋር በሪባን ሲታሰር፣ የሚያወዛውዘው እሱ መሆኑ ይገባውና እርግጫውን ያበዛዋል። (ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ክርና ሕፃን አይስማሙም።)

አሁን ወደ አስተያየታችሁ። «ልጄ በ6 ወሯ መስታወት እያየች ትስቃለች፣ ራሷን አውቃለች!» አላወቀችም እናትየ። ጓደኛ ያገኘች መስሏት ነው። ቢዩላ አምስተርዳም የተባለች ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1972 ሕፃናት አፍንጫ ላይ ቀይ ቀለም ቀብታ መስታወት ፊት አቆመቻቸው። ትንንሾቹ መስታወት ውስጥ ካለው «ልጅ» ጋር ተጫወቱ። ከ20 እስከ 24 ወር ካሉት ግን አብዛኞቹ የገዛ አፍንጫቸውን ነኩ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ልጁ 18 ወር ይሙላው። ንፍጥ የምትጠርጉ መስላችሁ፣ ሶፍት ላይ ባደረጋችሁት ሊፕስቲክ አፍንጫውን ንኩት። እርጥብ የቡና አተላ አይሆንም፤ ቅዝቃዜው ይነግረዋል። መስታወት ሳታሳዩት ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ በዚህ መሃል አፍንጫውን ካሻሸ ተሰምቶታልና ሙከራው ፈርሷል። ከዚያ መስታወቱን አሳዩት፣ አፋችሁንም ዝጉ! «አፍንጫህን እይ» ካላችሁት የተፈተናችሁት እናንተ ናችሁ። መስታወቱን ከነካ አልቆጠርንለትም፤ የራሱን አፍንጫ መሆን አለበት።

ካልነካስ? አብሽሩ። መስታወት የማያውቅ ልጅ ግራ ይገባዋል፣ ቀድሞ ለጥቂት ቀን ይጫወትበት። ፊቱ መቆሸሹ የማያስጨንቀውም አለ። በኬንያ ገጠር ብዙ ልጆች ምልክቱን ሳይነኩ መስታወቱ ፊት ድርቅ ብለው ቆመዋል፤ ራሳቸውን ስላላወቁ ነው ማለት ግን አይቻልም። መስታወቱን ብቻ ማመን ስሕተት ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

እኛ የምንወደው የጋቢውን ሙከራ ነው። መሬት ላይ አንጥፉት፣ ልጁን መሃሉ ላይ አቁሙና «ጋቢውን አምጣልኝ» በሉት። ገና ያልገባው ጎንበስ ብሎ ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ጋቢው እምቢ ይለዋል። የያዘበት የራሱ ክብደት መሆኑ ሲገባው ግን ዘወር ብሎ ይወርድና ጠቅልሎ ያመጣላችኋል። እየጎተተ ካለቀሰ አትሳቁበት፤ ቀርጻችሁ ላኩልን እንጂ።