ቦርሳዬን ቤት ትቼ የሄድኩ ቀን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ያለሁት ደሴ ከተማ ነው። ጋቢ ደርቤ ማይኩ ፊት ተቀምጫለሁ። ጉሙ ዛሬም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሞልቶታል። በመሃል ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ መስኮቴ ድሮም በደንብ አይዘጋም።

ዛሬ ስለ ሥራዬ ነው የማወራው። በወረቀት ላይ «የቅድመ ልጅነት ጣልቃ ገብነት ባለሙያ» ነው የሚለኝ። ይሄንን ለአክስቴ ብነግራት «በሰው ቤት ጣልቃ መግባት ደሞ ሥራ ሆነ?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። በኋላ ግን አክስቴ ሳታውቀው ትልቅ ነገር ተናግራ እንደነበር ገባኝ። እመለስበታለሁ።

በቀላል አማርኛ፣ መቀመጥ፣ መሄድ፣ አፍ መፍታት፣ መጫወት የዘገየባቸው ትንንሽ ልጆች አሉ። ገና ሳይዘገዩም የሚያሰጉ አሉ፤ ያለጊዜው የተወለዱ፣ ሲወለዱ የታፈኑ። ሥራችን እነዚህን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን በጊዜ ማገዝ ነው። በጊዜ የምለው በምክንያት ነው። የሕፃን አንጎል በሁለት ዓመቱ የአዋቂውን መጠን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። «ትንሽ እንጠብቀው፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ስንል የሚያልፈው ጊዜ ይሄው ነው።

የመጀመሪያ ሥልጠናዬን የወሰድኩት ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ፣ ስትደርሱ ሹራቡንም። አምስት ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ። የሥልጠናን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ቅድመ ፈተና፣ ፓወርፖይንት፣ ሻይ፣ ፓወርፖይንት፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ፓወርፖይንት። አርብ ድኅረ ፈተና፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ፣ አበል። አበሉን ጠላሁት ብዬ አልዋሽም። ሰኞ ከ20 ዘጠኝ ያገኘሁት ሴትዮ አርብ 18 አመጣሁ። ሐረጎን ስወጣ ራሴን እንደ ስፔሻሊስት ነበር የማየው።

ልብ በሉ፣ ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። እስከ ዛሬ የምጠቀምባቸው ነገሮች አሉ። ለምሳሌ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜ እንዴት እንደሚቆጠር። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ስምንት ወር ሲሞላው የምንጠብቅበት የስድስት ወር ልጅ የሚሠራውን ነው። እስከ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ይቆጠርለታል። ይሄን ባለማወቅ ስንት እናት በከንቱ ተጨንቃለች! ሌላው፣ ጤነኛ ልጅ ብቻውን የሚራመድበት ጊዜ ሰፊ መሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ያጠናው ከስምንት ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ ተብሎ ያንቺ ልጅ ዘገየ አይባልም። አፉን ያልፈታ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም በፊት ጆሮው ይታይ። ይቺን ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ አስምሬባታለሁ።

ያሳቀኝም አለ። አንድ ቪዲዮ አሳዩን፣ የአሜሪካ ቤት። እዚያ ከ1986 ጀምሮ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች እንዲህ ያለ አገልግሎት በሕግ ተደንግጓል። ባለሙያዋ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ምንጣፉ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ልጁ ደረጃ ይወጣል። የልጆች እድገት የሚለካበት መመዘኛ ላይም «ደረጃ ይወጣል ወይ?»፣ «በማንኪያ ይበላል ወይ?» የሚል ነበረበት። አጠገቤ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የኛዎቹ ዳገት ይቆጠርላቸዋል?» አለችኝ። ቀልድ ቢመስልም ጥያቄዋ ልክ ነው። ጅማ ላይ ተመራማሪዎች ዴንቨር የሚባለውን የውጭ መመዘኛ ወስደው ለአካባቢው ልጆች ያስማሙት ለዚሁ ነው። በእጁ እንጀራ ቆርሶ ወጥ አጥቅሶ የሚጎርስን ልጅ ማንኪያ አልያዘም ብለህ ዜሮ ልትሰጠው ነው?

እሺ። ወደ ዋናው ልምጣ።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ቤት ተመደበልኝ፣ ከሸዋ በር ዳገቱን ወጣ ብሎ። ልጁ ዓመት ከአራት ወር ነው። ሰውነቱ ግትር ይላል፣ አይቀመጥም፣ ጣቶቹን ጨብጦ ነው የሚውለው። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ። ቦርሳው ውስጥ ባለቀለም ኪዩብ፣ ቀለበት፣ ቅጭልጭል የሚል አሻንጉሊት፣ መስታወት አለ። ፍራሽ አስነጠፍኩ። ሃምሳ ደቂቃ ሠራሁ። እናትየው በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ሻይ ታመጣልኛለች። ስጨርስ ዕቃዬን ሰብስቤ ዚፑን ስዘጋ ልጁ አለቀሰ። እኔማ ደስ አለኝ፣ ወደደኝ ብዬ! ያለቀሰው መጫወቻውን ይዤበት ስለወጣሁ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስድስት ሐሙስ እንዲህ ሄድኩ። ለውጥ የለም። በስድስተኛው እናትየውን «በሳምንቱ መሃልስ ምን ትሠሩለታላችሁ?» አልኳት። የመለሰችልኝን አልረሳውም።

«እኔማ አልነካውም እህቴ። አንቺ የሠራሽውን እንዳላበላሸው ብዬ።»

እስቲ አስቡት። ልጇን እኮ ነው። ዓመት ከአራት ወር ያጠባችው፣ ያዘለችው፣ ሌሊቱን የተነሳችለት። እኔ በስድስት ሐሙስ ልጇን እንድትፈራው አድርጌ አረፍኩት። አክስቴ ጣልቃ መግባት ያለችው ይሄን ነው።

በሰባተኛው ሐሙስ አንድ ትልቅ ሴት ከኔ ጋር መጡ። ፊዚዮቴራፒስት ናቸው፣ በሥራው ያረጁ። ከሥልጠናው በኋላ ክትትል ያደረገልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ ለዚያውም በዕድል፣ ለሌላ ጉዳይ ደሴ መጥተው። በርጩማ ላይ ተቀመጡና ቃል ሳይተነፍሱ ሲያዩኝ ቆዩ። ስንወጣ፣ ቁልቁለቱን እየወረድን፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እናትየው ዛሬ ልጁን ስንት ጊዜ ነካችው?»

ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ። ለኔ ስታቀብለኝ።

«ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንቺ አንዷን ነው የያዝሽው» አሉኝ። ትንሽ ሄድን። «ሐሙስ ቦርሳውን ቤትሽ ተይው።»

ባዶ እጄን ስሄድ ምን ያህል እንዳፈርኩ! እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እንደተመከርኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ ቀናችሁ ከጠዋት ጀምሮ እንዴት ነው የሚውለው? ይሄ አጠያየቅ ሮቢን ማክዊሊያም የሚባል ባለሙያ ያስፋፋው ነው፤ ከልጁ ጉድለት ሳይሆን ከቤቱ ውሎ ይነሳል። ኮምቦልቻም ተምሬዋለሁ እኮ። ድኅረ ፈተናው ላይ መልሼዋለሁ!

እናትየው በስድስት ሳምንት ካወራችው በላይ በአንድ ሰዓት አወራች። ከሁሉ የከበዳት ማብላት ነው። አንድ ምግብ ሰዓት ይፈጃል፣ ልጁ ትን ይለዋል፣ እሷም ታለቅሳለች። እንዴት ታበይዋለሽ ስላት አሳየችኝ፤ በጀርባው አስተኝታ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ኪዩብ ስደረድር ይሄን አልጠየቅኩም። ተኝቶ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው የመሄድ አደጋ አለው። ቀና ብሎ፣ አንገቱ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ መብላት አለበት። እሱን ተለማመድን፣ በእሷ እጅ።

ቀጥሎ ቡና መጣ። እንግዲህ ወሎ ነን፤ በዚያ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል። «ቡና ሲፈላ ልጁ የት ነው?» አልኩ። ውስጥ፣ አልጋ ላይ። እሳት አለ፣ ሰው ይበዛል፣ ብለው ነው። ጨዋታው፣ ጎረቤቱ፣ የቡናው ሽታ፣ ሁሉም እዚህ ነው፤ እሱ ጣራ ሲያይ ይውላል።

አያትየው ብድግ አሉና «እኔ ዘንድ ይሁና!» ብለው አምጥተው ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ጀርባው ደረታቸው ላይ፣ ጉልበቱ እጥፍ ብሎ። የኔ ሥራ መቀመጫውን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነበር። ግትር የሚል ልጅ ጭኑና ጉልበቱ ሲታጠፍ ሰውነቱ ይላላል፤ ለሰዓታት በጀርባው ሲተኛ ደግሞ ወደ ኋላ ይወጠራል። እናትየው ወዲያው «እሳቱስ?» አለች። አላሰብኩትም ነበር! ምድጃውንም ረከቦቱንም ወደ ማዶ አዞረችው። ለልጁ ባዶ ስኒ ሰጡት።

አቦሉ ወርዶ ዱዓ ሲደረግ አያትየው የልጁን ሁለት እጆች ያዙ። ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት፣ መዳፉን ዘረጉትና ከራሳቸው እጅ በላይ አደረጉት። ሰዉ «አሚን» አለ። እንደገና «አሚን»። ልጁ የሰዉን አፍ በየተራ ያያል።

እኔ ያንን ጭብጥ ለማስፈታት ስድስት ሳምንት በፕላስቲክ ቀለበት ስታገል ነበር። እዚህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አስቡ፣ ስንት «አሚን» እንደሚሆን። የት ሥልጠና ላይ ነው ይሄ ያለው?

አያትየው ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እኔን!

አሁን አንድ ሰው «እና ቡና ይበቃል ነው የምትይን?» እንዳይለኝ። አይበቃም። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ልጅ በፖንሴቲ ዘዴ ሊስተካከል የሚችለው ጄሶውን በየሳምንቱ እየቀየረ እግሩን ቀስ በቀስ የሚያቃና እጅ ሲኖር ነው። ያ እጅ ያለ ሥልጠና አይገኝም። ግን እዚያም ተመልከቱ፤ ጄሶው በሳምንታት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ልዩ ጫማ ያደርጋል፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ገደማ ማታ ማታ። ጫማውን ማን ነው የሚያስረው? ልጁ እያለቀሰ፣ እንቅልፍ እያጣ፣ ማን ነው የሚጸናው? እናትና አባት ካልገባቸው እግሩ ተመልሶ ይጣመማል።

ሌላም ነገር አስባለሁ። ልጆቻችንን ቀድሞ የሚያገኛቸው ስፔሻሊስት አይደለም፣ የሚከትባቸው ሰው ነው። በስድስት ሳምንት፣ በአሥር፣ በ14፣ ከዚያ በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ፣ በ15 ወር ደግሞ ሁለተኛው። በዘጠኝ ወር መርፌውን የሚወጋው ሰው «ይቀመጣል ወይ? ስሙን ስትጠሪው ይዞራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ስንቱን ልጅ በጊዜ ባገኘን። ለዚህ አምስት ቀን አዳራሽ አያስፈልግም። ወረፋው ረጅም መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ እኔም ነርስ ሆኜ ከትቤያለሁ።

ልጁ ዛሬ ሁለት ዓመት አልፎታል። አይራመድም። «ወፌ ቆመች» ገና አልተባለለትም፣ መቼ እንደሚባልለትም ለእናቱ ቃል አልገባሁላትም። ከአያቱ ጉያ ወጥቶ ትራስ ተደግፎ ሦስቱንም ስኒ ተቀምጦ ይዘልቃል። ዱዓ ሲጀመር እጁን ራሱ ያነሳል፣ ግራው ትንሽ ይዘገያል። «አሚ» ይላል። እናቱ እኔን ነው የጠራኝ ትላለች፣ አያቱ ዱዓው ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ጣልቃ አልገባም።

ታዲያ ለምን ዛሬ ይሄን አነሳሁ? በሚቀጥለው ወር ኮምቦልቻ ላይ እንዳሠለጥን ተጠየቅኩ። እኔ! አምስት ቀን፣ 24 ሰልጣኝ። የተላከልኝን ፓወርፖይንት ከፈትኩት፣ ያው የድሮው ነው፣ ሶፋውም አለ። ደወልኩና ሁለቱን ቀን አዳራሽ፣ ሦስቱን ቀን ሁለት ሁለት እየሆንን ቤት ለቤት፣ ቤተሰቦቹም ፈቅደው፣ አልኳቸው። አስተባባሪው ጨዋ ሰው ነው፣ ሰማኝ። ከዚያ «አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ባጃጅ ግን በጀት ውስጥ የለም» አለኝ።

24 ሰው ሁለት ሁለት ሲሆን 12 ባጃጅ ነው፣ ደርሶ መልስ፣ ሦስት ቀን። ማታውን ሒሳቡን እየሠራሁ ነበር። ሦስት ሦስት ብንሆን ስምንት ይበቃል። ቤቱ ግን ይጨናነቃል፣ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ እናትየው ተመልሳ በሩ ላይ ትቆማለች። ሰፈሩ ለሰፈሩ በእግር ይሆን ይሆናል። ነገ እደውልለታለሁ።