ቼክ ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን ውስጥ የምትጥሉ፣ ዛሬም ስለ እናንተ ነው

ቅዳሜ በሬዲዮ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው። ለማታውቁኝ፣ 23 ዓመት የአሜሪካ ፖስታ ቤት ካውንተር ላይ ቆሜያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የሐበሻ ንግድ ቤቶችን ወረቀት አያለሁ። ስለምጨቃጨቅ ቅር አይበላችሁ።

ጋሼ፣ ቴምብር ስንት ገባ? (ከሲያትል)

ጁላይ 13፣ 2025 ላይ ከ73 ወደ 78 ሳንቲም ወጣ። «ፎርኤቨር» የሚለው ካለህ ስንቴ ቢጨምሩም አይመለከትህም። ፌስቡክ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን ግን እንዳትነካ። ሐሰተኛ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ እንደ ተጣለ ዕቃ ነው የሚቆጠረው። ይመለስልኝ ማለት አትችልም። ሃምሳ ደንበኛ ጋ ኢንቮይስ ልከህ አንዱም ሳይደርስ ሲቀር አስበው።

የታክስ ወረቀቴን ሁሌም የመጨረሻው ቀን ላይ ነው ሳጥን ውስጥ የምከተው። ዘንድሮ «ሕጉ ተለውጧል» ይሉኛል። ምን ተለወጠ? (ከአሌክሳንድሪያ)

የታክስ ሕጉ አልተለወጠም። ታክስ መሥሪያ ቤቱ ዛሬም ፖስታው ላይ የተመታውን ማኅተም ቀን ነው የሚያየው። የተለወጠው የፖስታ ቤቱ አሠራር ነው። ማኅተሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ያለው ደግሞ ደብዳቤ የሚለይበት ትልቁ ማዕከል ውስጥ ነው። ቀድሞ የዕለቱ ደብዳቤ በዕለቱ ማታ ወደዚያ ይጫን ነበር። አሁን ከማዕከሉ ከ50 ማይል በላይ የራቁ ብዙ ፖስታ ቤቶች ጋ መኪናው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ስለዚህ አንቺ በመጨረሻው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ብለሽ የጣልሽው 16 ወይም 17 ተብሎ ሊመታ ይችላል። ፖስታ ቤቱ ራሱ ከዲሴምበር 24፣ 2025 ጀምሮ ደንቡ ውስጥ አስገብቶታል፦ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን የግድ ደብዳቤውን የተረከብንበት ቀን አይደለም ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካውንተር ድረስ ሂጂና «እዚሁ በእጅ ምታልኝ» በይ። ክፍያ የለውም። ከዚያ የተሻለ ከፈለግሽ ሰርቲፋይድ ሜይል አድርጊው፤ ቀን የተመታበት ደረሰኝ ይሰጡሻል። አገር ቤት ሪኮማንዴ የምንለው ዓይነት ነው። ደረሰኟን ከታክስ ፋይልሽ ጋር አስቀምጫት። ካውንተር፣ ሰው እጅ፣ ደረሰኝ። ይቺን ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ።

ከፎልስ ቸርች ነው የምደውለው። ሬስቶራንት አለን። ባለቤቴ ለሥጋውና ለአትክልቱ ቼክ ትጽፍና ማታ ስንዘጋ በር ላይ ያለው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ እንጥለዋለን። ስምንት ዓመት ምንም አልሆነም። ሰው ግን እያስፈራራን ነው።

ወንድሜ፣ ስምንት ዓመት ምንም አለመሆኑ የሳጥኑ ጥንካሬ አይደለም፤ የእናንተ ዕድል ነው።

እስቲ ቁጭ በል። እኛ ባደግንበት አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። ፖስታ ሳጥን ቁጥር አለህ፣ ቁልፍ አለህ፣ ሄደህ ትከፍታለህ። የዚህ አገሩ ሰማያዊ ሳጥን ቁልፍ ግን እንደዚያ አይደለም። «አሮው ኪ» ይባላል። አንዱ ቁልፍ የሰፈሩን ሳጥኖች፣ የአፓርታማውን የደብዳቤ መደርደሪያ ጭምር ይከፍታል። ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ደብዳቤ አዳዩን በሽጉጥ አስፈራርተው የሚቀሙት ለምን ይመስልሃል? የእሱን ምሳ ፈልገው አይደለም።

ከዚያስ? ፖስታውን ይከፍቱታል። ቼክህ ላይ የጻፍከውን በኬሚካል ያጥቡታል። ፊርማህን ይተዉታል፤ እሱ ያስፈልጋቸዋል። የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን እንደገና ይጽፋሉ። አንድ ባለ ሱቅ አስታውሳለሁ። ለአከፋፋይ 1,200 ዶላር ጽፎ ነበር፤ ከባንክ 9,200 ወጣ። ስሙም ሰምቶት የማያውቀው ሰው ሆኖ። እሱ ነገሩን ያወቀው ከአምስት ሳምንት በኋላ አከፋፋዩ «ገንዘቤስ?» ብሎ ሲደውል ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ የባንክ ወረቀቱን አላየም ማለት ነው። ካውንተሬ ላይ ቆሞ ሲነግረኝ ልገስጸው አስቤ ፊቱን አይቼ ተውኩት። አንተን ግን እገስጻለሁ፣ ገና ስላልተሰረቅክ።

ወሬ እንዳይመስልህ። የትሬዠሪ (የገንዘብ ሚኒስቴሩ) ክፍል የሆነው ፊንሴን በ2023 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ባንኮች ያቀረቡት የቼክ ማጭበርበር ሪፖርት በ2021 ከ350,000 በላይ ነበር፤ በ2022 ከ680,000 አለፈ። በአንድ ዓመት እጥፍ ገደማ። ፖስታ ቤቱም ዝም አላለም። በ2023 12,000 ጠንካራ ሳጥኖች ልተክል ነው፣ 49,000 ቁልፎችን በኤሌክትሮኒክ ልቀይር ነው አለ። እሰየው። ግን ሬስቶራንትህ በር ላይ ያለው ሳጥን ከተቀየሩት አንዱ መሆኑን በምን ታውቃለህ?

እና እንዲህ አድርግ። በኤሌክትሮኒክ ሊከፈል የሚችለውን ሁሉ በኤሌክትሮኒክ ክፈል። «ቼክ ካልሆነ አልቀበልም» የሚል ሽማግሌ ሥጋ ሻጭ ካለ መኪናህን አስነሣና ራስህ ስጠው፤ ቡናም ይጋብዝሃል። የግድ በፖስታ ከሆነ ቀን ላይ ፖስታ ቤት ግባና ካውንተር ላይ ለሰው እጅ ስጥ። ሳጥን ብቻ ነው ያለኝ ካልክ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ የመሰብሰቢያ ሰዓት አንብብና ከዚያ በፊት ጣል። ማታ የጣልከው እስከ ማግስቱ እዚያው ያድራል። ቅዳሜ ማታ የጣልከውማ እናንተ እሁድ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ እስክትነሡ ሌባውን ይጠብቃል። ቤት በር ላይ ያለው የራሳችሁ ሳጥን ላይ «የሚወሰድ ደብዳቤ አለ» የሚለውን ቀዩን ባንዲራ አቁሞ ቼክ መተው ደግሞ «ኑ ውሰዱ» ብሎ መጥራት ነው።

ስትጽፍ ጥቁር ጄል እስክሪብቶ ተጠቀም፤ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ለማጠብ ያስቸግራል። ባንክህን «ፖዚቲቭ ፔይ አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። የጻፍካቸውን ቼኮች ቁጥርና መጠን ቀድመህ ትልክላቸዋለህ፤ የማይገጥም ቼክ ሲመጣ ሳይከፍሉ ይጠይቁሃል። በወር ጥቂት ዶላር ያስከፍሉ ይሆናል። የአንድ ክትፎ ዋጋ ነው፣ አትሰስት። ለባለቤትህም ይህንን አንብብላት፤ ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳይመስልህ ደግሞ፣ «እንጥለዋለን» ነው ያልከው።

ስልኬ ላይ «ፓኬጅዎ አድራሻ ስለጎደለው ተይዟል፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል ደጋግሞ ይመጣል። (ከዴንቨር)

አትጫን። ሰርዝ። ፖስታ ቤት አንተ ሳትጠይቀው ሊንክ ያለው ቴክስት አይልክም።

ቼኬ ተሰርቆ ተቀይሮ ተከፍሏል። አሁን ምን ላድርግ? (ከሚኒያፖሊስ)

መጀመሪያ ባንክሽ፣ ዛሬውኑ። በስልክ ብቻ ሳይሆን ሄደሽ በጽሑፍ። የአካውንት ውልሽን አንብቢ። ለቢዝነስ አካውንት ማመልከቻ ቀኑ ከግል አካውንት ያጠረ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። አካውንቱን ዝጊና አዲስ ክፈቺ። ቀጥሎ የፖስታ ቤቱ ፖሊስ፣ ኢንስፔክሽን ሰርቪስ የሚባለው፦ 1-877-876-2455። ደብዳቤ መስረቅ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው፤ «ምን ያደርጉልኛል» ብለሽ አትተዪው። ለሰፈርሽ ፖሊስም አመልክቺ፣ የሪፖርት ቁጥሩን ባንኩ ይጠይቅሻል። ባንኩ «አንመልስም» ካለ ግን የእኔ ምክር እዚህ ያበቃል። ጠበቃ ያዢ።

ገና ካምፓኒ እንደከፈትኩ «የሠራተኛ ሕግ ፖስተር ካልገዙ ይቀጣሉ» የሚል፣ ንስር ያለበት የመንግሥት ደብዳቤ መጣልኝ። ከፈልኩ። (ከላስ ቬጋስ)

ንስሩ ነው የበላህ። ደብዳቤው የመንግሥት ሳይሆን የነጋዴዎች ነው። የካምፓኒ ምዝገባ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስምህን ከዚያ ነው የሚወስዱት። ፖስተሮቹን የፌዴራሉ ሌበር ዲፓርትመንት በነፃ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ትልቁን ጽሑፍ ተወውና ትንሿን ፈልግ። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ሐረግ እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ይደብቁታል። የከፈልከው በክሬዲት ካርድ ከሆነ ካርድ ሰጪህን ጠይቅ።

አዲስ አበባ ያለች እህቴ በርበሬና ሽሮ በካርቶን ትልክልኝና ሱቄ ውስጥ እሸጣለሁ። አሁን ቀረጥ አለው ይላሉ።

አለው። ቀድሞ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከኦገስት 29፣ 2025 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ከ100 ዶላር በታች የሆነ እውነተኛ ስጦታ ሌላ ነገር ነው። የአንቺ ግን ስጦታ አይደለም፣ ንግድ ነው። ካርቶኑ ላይ «ስጦታ» ብላ ስትጽፍ ሐሰት እየጻፈች ነው፤ ጣጣውም በአንቺ ስም ነው የሚመጣው። ለሽያጭ የሚገባ ምግብ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ለኤፍዲኤ፣ ለምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ መታወቅ አለበት። ቋንጣማ በጭራሽ፣ ለራስሽም ቢሆን። ትራንዚተር ፈልጊና አማክሪ።

ላኪው ያልታወቀ፣ ቅባት የነካው፣ ዱቄት ነገር ያለበት ፖስታ ቢመጣ ምን እናድርግ? እኔ አሽትቼ ነው ያየሁት። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አሽትተህ! ከአገር ቤት የመጣ ዕቃ ሁሉ ማሽተት ልማዳችን ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም በርበሬ በሽታ ነው የምለየው። የማታውቀውን ግን አታሽት፣ አትነቅንቅ፣ አትክፈት። ቀስ ብለህ አስቀምጠው። ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። 911 ደውል። ያሸተትከው ዱቄት ከሆነና ሕመም ቢጤ ከተሰማህ ይህንን ማንበብ ተውና ሐኪም ቤት ሂድ።