ቼኪንግ አካውንታችሁ፣ ማለትም ለዕለት ወጪ የምትጠቀሙበት የባንክ ሂሳብ፣ ስንት ወለድ ይከፍላችኋል?

[ስክሪኑ ላይ፦ የባንክ አፕ። ከ«ወለድ» ጎን 0.08 ዶላር ይታያል።]

ይቺን 8 ሳንቲም አያችኋት? 10,000 ዶላር ወሩን ሙሉ ቼኪንግ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓመታዊ ወለዱ 0.01 ፐርሰንት ሲሆን የሚመጣው እሷ ናት። ያው ገንዘብ በ5 ፐርሰንት ቢሆን በወር ወደ 41 ዶላር ያመጣል።

እዚህ አሜሪካ እንደዚህ የሚከፍሉ ቼኪንግ አካውንቶች አሉ። ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው ትንንሽ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች (አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የገንዘብ ተቋማት) ጋር ነው። ከየት አምጥተው ይከፍላሉ? በዴቢት ካርድ በገዛችሁ ቁጥር ሻጩ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ የምትደርስ ትንሽ ክፍያ ይቆረጥበታል። ከ2011 ጀምሮ ይህ ክፍያ ለትልልቅ ባንኮች በሕግ ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች የሆኑት ግን ጣሪያው አይመለከታቸውም። ስለዚህ ካርዳችሁ በሠራ ቁጥር እነሱ ደህና ያገኛሉ፣ ከዚያ ላይ ለእናንተም ያካፍላሉ።

ትልቁን ወለድ ለማግኘት «በወር 12 ጊዜ በካርዱ ግዙ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ደመወዛችሁ በቀጥታ እንዲገባ ወይም በወረቀት የሚላከውን የሂሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) እንድትተዉ የሚጠይቁም አሉ።

እኔ የተሸወድኩት ቆጠራው ላይ ነው። 12ኛውን ግዢ የገዛሁት ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። አፑ ላይ «ፔንዲንግ» (ገና አልተወራረደም) ይላል። ሁለት ቀን ቆይቶ ሲወራረድ አዲሱ ወር ገብቷል። ባንኩ የሚቆጥረው የተወራረደውን ብቻ ስለሆነ 11 ሆነብኝ፣ የወሩ ወለዴም ሳንቲም ሆኖ ቀረ። በጣም ነበር የተናደድኩት። አሁን ወር በገባ በ20 ቀን ውስጥ እጨርሳለሁ። ደግሞ ከኤቲኤም ብር ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፣ ለሰው በአፕ መላክም እንደዚያው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ]

ሌላው የምትጠነቀቁለት የወለዱ ጣሪያ ነው። በትልቁ የተጻፈው ወለድ ብዙ ጊዜ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። እስከ 10,000 ዶላር 5 ፐርሰንት፣ ከዚያ በላይ 0.25 ፐርሰንት ይላል እንበል። 20,000 ካስቀመጣችሁ በዓመት ከመጀመሪያው 10,000 500 ዶላር፣ ከቀሪው 25 ዶላር ታገኛላችሁ። ተደምሮ 525። ይህ ከ20,000ው ሲሰላ 2.6 ፐርሰንት ገደማ ነው እንጂ 5 አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለውን ገንዘብ ጥሩ የሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ አድርጉት።

ወርሃዊ ክፍያ ያለውን እኔ አልነካም። 3,000 ዶላር በ4 ፐርሰንት በዓመት 120 ያመጣል፤ በወር 12 ዶላር የሚቆረጥ ከሆነ 144 ይወጣል። በገዛ ገንዘባችሁ ኪሳራ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ወለድ ገቢ ስለሆነ ታክስ እንዳለበትም አትርሱ። ባንኩን ካላወቃችሁት ደግሞ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚተካ የመንግሥት ዋስትና፣ ማለትም የኤፍዲአይሲ፣ ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ የኤንሲዩኤ ዋስትና እንዳለው አጣሩ፤ ሁለቱም እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናሉ።

ለመቀየር ከወሰናችሁ የድሮውን አካውንት ወዲያው አትዝጉት። ደመወዙ አዲሱ ጋር መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። የቤት ኪራዩ፣ ስልኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ በራሱ የሚቆረጠው ሁሉ አንድ ዙር እስኪዞር የተወሰነ ብር ትታችሁበት ቆዩ።