ደሴ ላይ ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን ለሳይንስ ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለመምህራኖቻቸው ክፍት ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው ስለ ልኬትና ስሌት ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ የሰጡት የፊዚክስ ላቦራቶሪ መምህር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምደውለው ከሸዋ በር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ውኃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ፈቀቅ አላለም። የቡድኔ ልጆች «ተበላሽቷል፤ መጽሐፉ 100 ስለሚል 100 ብለን እንጻፍ» አሉ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ልጄ፣ 92 ብለሽ ጻፊ። ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም፤ ጥፋተኛዋ ከተማችን ናት። መጽሐፉ የሚለው 100 በባሕር ወለል ላይ ላለ የአየር ግፊት ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አየሩ ሲሳሳ ውኃው ቶሎ ይሸነፍና 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ብትሞክሩት፣ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነ፣ 94 አካባቢ ታገኛላችሁ። ንፍሮ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ እሳት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ መሣሪያውን ፈትኑት። በረዶ ሰባብራችሁ ጥቂት ውኃ ጨምሩበትና እየቀለጠ ሳለ ቴርሞሜትሩን ንከሩት፤ 0 ማሳየት አለበት። በረዶ የሚቀልጥበትን ሙቀት ከፍታ ይህን ያህል አይነካውም፤ ስለዚህ ይህ ፈተና ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ተማሪዎች በሪፖርታቸው መጨረሻ «100 መሆን ሲገባው 92 ሆነ፤ ስህተታችን 8 በመቶ ነው» ይላሉ። ይህ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። ማነጻጸር የሚገባችሁ ለደሴ ከፍታ ከሚጠበቀው ቁጥር ጋር ነው። በዚያ ላይ የሴልሺየስ ዜሮ ለአመቺነት ከውኃ መርጊያ ነጥብ ጋር የተገጠመ እንጂ «ምንም ሙቀት የለም» ማለት ስላልሆነ፣ በእሱ መቶኛ ማስላት ትርጉም የለውም። ያንኑ የ8 ዲግሪ ልዩነት ከእውነተኛው የሙቀት ዜሮ በሚነሳው መለኪያ በኬልቪን፣ በ365 እና በ373 መካከል፣ ብታሰሉት 2 በመቶ ገደማ ይመጣል። ልዩነቱን በዲግሪ ጽፋችሁ ተዉት። 100 ብሎ የጻፈ ግን ገለበጠ እንጂ አልለካም፤ እኔ ብሆን ማርክ አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የአንድ የብረታ ብረት ቁራጭ እፍጋት ፈልጉ ተባልን። ሚዛኑ 35.0 ግራም አለ፤ በመለኪያ ሲሊንደሩ ውስጥ ውኃው በ13 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። አካፍዬ 2.6923076 ብዬ ብጽፍ መምህሬ ማርክ ቀነሰብኝ። ካልኩሌተሩ የሰጠኝን መጻፍ ጥፋት ነው?

መልስ፦ መምህርህ አልበደለህም፣ ወንድሜ። 13 ብለህ ስትጽፍ እውነተኛው ቁጥር ከ12.5 እስከ 13.5 የትም ሊሆን ይችላል ማለትህ ነው። እስቲ በሁለቱም አካፍል፤ በአንዱ 2.8፣ በሌላው 2.6 ገደማ ይመጣል። ከነጥብ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ ራሱ እየተንገዳገደ፣ ሰባተኛውን ከየት አመጣኸው? መልስህ 2.7 ግራም በሚሊ ሊትር ነው። ቁራጩም አሉሚኒየም ሳይሆን አይቀርም።

ስታባዛና ስታካፍል፣ የመልሱ ጉልህ አሃዞች (ማለትም በልኬት የተገኙት የሚታመኑ አሃዞች) ብዛት ከገቡት ቁጥሮች ጥቂት ጉልህ አሃዝ ካለው አይበልጥም። ስትደምርና ስትቀንስ ደግሞ የምታየው ከነጥብ በኋላ ያለውን ቦታ ነው፦ 12.1 ሲደመር 0.36 የሚሆነው 12.5 ነው። ማጠጋጋቱ በመጨረሻ ብቻ ይሁን፤ መሃል ላይ በየደረጃው የሚያጠጋጋ ተማሪ ሳያውቀው ከመልሱ ይርቃል። ሦስተኛ አሃዝ ካስፈለገህም ሚዛን ለመቀየር አትድከም። ደካማው ሲሊንደሩ ነው፤ ጠባብና ክፍልፋዩ የደቀቀ ሲሊንደር ፈልግ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ፣ ከሰኞ ገበያ። ልጄ ጎበዝ ናት፤ ካሬ ሴንቲ ሜትርን ወደ ካሬ ሜትር ለውጪ ስትባል ግን ሁልጊዜ ለ100 ታካፍላለች። እኔ የተማርኩት እስከ 8ኛ ነው፤ ቤት ውስጥ በምን ልርዳት?

መልስ፦ እኅቴ፣ 8ኛ ክፍል ይበቃዎታል። ወለል ላይ በጠመኔ ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ታስምር። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ጎኗ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ካሬ ትሳልና ስንቷ ትልቁን እንደምትሞላ ይጠይቋት። በአንዱ ረድፍ 100፣ ረድፉም 100 ነው፤ ስለዚህ 10,000። አንዴ በዓይኗ ካየችው አትረሳውም።

ለይዘት ደግሞ የውኃ ቢሉን ይስጧት። ቢሉ የሚመጣው በሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጊዜ ይሞላል። ቤታችሁ በወር ስንት ጀሪካን እንደተጠቀመ ታስላና ትንገርዎት። ስታሰላም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን ትጻፍ፤ ሊትር ከሊትር ጋር ተጣፍቶ ጀሪካን ብቻ ካልቀረ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህ የጀማሪ ሥራ ብቻ እንዳይመስላት። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላካትን መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 ያጣው፣ አንዱ ወገን ያሰላው በፓውንድ ሆኖ ሳለ ሌላው በኒውተን አድርጎ ስለተቀበለው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእኔ ካልኩሌተር ሳይን 30 ስለው ከዜሮ በታች 0.988 ይለኛል። ይጣል?

መልስ፦ አይጣል። ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው ያለው፤ ወደ ዲግሪ መልሰው፣ 0.5 ይሰጥሃል። ፈተና ከመጀመርህ በፊት በዚሁ ሞክረው።

ጥያቄ፦ ሲሊንደር ውስጥ ውኃው መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። የሚነበበው ጫፉ ነው መሃሉ?

መልስ፦ የጎድጓዳው ታችኛው መሃል፤ ዓይንሽንም ከዚያው መስመር ትክክል ዝቅ አድርገሽ። ቆመሽ ከላይ ካየሽው ከልኩ በላይ ታነቢያለሽ። ሜርኩሪ ብቻ ወደ ላይ ስለሚያብጥ አናቱ ይነበባል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዎ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላቦራቶሪ የለንም። ልኬትን በምን ላለማምዳቸው?

መልስ፦ በሲባጎና በድንጋይ፣ መምህር። ድንጋዩን አስረው ከበሩ መቃን ላይ ያንጠልጥሉት። ርዝመቱን ከተንጠለጠለበት እስከ ድንጋዩ መሃል ይለኩና 1.00 ሜትር ያድርጉት፤ ብዙዎች እስከ ቋጠሮው ለክተው ይሳሳታሉ። በትንሹ ገፋ አድርገው ይልቀቁትና በስልክ ሰዓት የ20 ምልልስ ጊዜ ይያዙ። ጣታችን ሰዓቱን ሲያስነሳና ሲያቆም 0.2 ሰከንድ ያህል ቢዘገይ፣ በአንድ ምልልስ ላይ 10 በመቶ ያሳስታል፤ በ20 ምልልስ ላይ ግን ከግማሽ በመቶ አያልፍም።

40.2 ሰከንድ ቢያገኙ አንዱ ምልልስ 2.01 ሰከንድ ነው። የፓይን ካሬ በ4 አባዝተው፣ በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ2.01 ካሬ ሲያካፍሉት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይመጣል፤ ለእኛ አካባቢ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። አንድ ቡድን 10.8 ይዞ ከመጣ ቀመሩን አይመርምሩ፤ አቆጣጠራቸውን ይጠይቁ። ድንጋዩ ሲለቀቅ «አንድ» ብለው ጀምረው ይሆናል፤ ያን ጊዜ 20 ያሉት 19 ምልልስ ነው። ሲለቀቅ «ዜሮ» ይበሉ።